ሸማኔው መሕቡብና አሽቀንጣሪዋ ሞተር

የሺ ሞተሯን እየገፋች ወገዳ ከተማ ስትገባ የግራ ክንዷ ከክርኗ ጀምሮ ተልጦ፣ ደሙ ከአቧራ ጋር ተለውሶ ደርቆበት ነበር። የገበያ ቀን ነው። በግ የሚጎትተውም እህል የተሸከመውም መንገዱን ለቆላት ቆሞ አያት። ከሰዉ መሀል አንዱ «ዛሬም ጣለቻት» ሲል ሰማችው፤ ዞር ብላ አላየችም። መሪውን እንደያዘች በቀጥታ ወደ መሕቡብ ጋራዥ ሄደች። ሞተሯን ከግድግዳው አስደገፈችና፣

«ጋሼ መሕቡብ፣ ይችን ሞተር ወይ ያድኑልኝ፣ ወይ ጨርሰው ይግደሉልኝ» አለችው።

መሕቡብ በእጁ የነበረውን ቁልፍ አስቀመጠ። «ሞተሯ ትቆይ፤ መጀመሪያ ክንድሽ ይታጠብ» አለና ወደ ጓዳ ተጣራ። ሚስቱ ሙና ውሃና ሳሙና ይዛ ወጣች፤ የሺን በርጩማ ላይ አስቀምጣ ቁስሏን ታጥብላት ጀመር።

የሺ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት። አንድ ፕሮጀክት ቀጥሯት፣ ቆላ እየወረደች የገበሬውን በግና ፍየል ትከትባለች። ሞተሯን የሰጣት ፕሮጀክቱ ነው። ቀላል ናት፤ ለኮረኮንች የተሠራች፣ ጉልበቷም ገና ያልደከመ። ግን ሰው ትጥላለች። ከየሺ በፊት ሁለት ወንዶች ነድተዋታል። አንደኛው ከድንጋይ ጋር አላትሟት ትከሻው ወልቆ ወር ሙሉ ተኛ። ሁለተኛው ሦስት ጊዜ ከወደቀ በኋላ «ሰይጣን ሰፍሮባታል» ብሎ ቁልፏን መለሰ። የሺን ስትጥላት ግን ወሬው ተቀየረ። «ድሮስ ሴት በሞተር ቆላ ትወርዳለች?» ተባለ። የዚያን ዕለት ጠዋት ደግሞ የፕሮጀክቱ አስተባባሪ ደውሎ፣ ከሰኞ ጀምሮ ሞተሯ ለሌላ ሰው እንደምትሰጥ፣ እሷም ከተማ ተቀምጣ መድኃኒት እንደምታድል ነገራት። እሷም በዚሁ ንዴት ላይ ሳለች፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቁልቁለቱ ላይ ወደቀች።

መሕቡብ ይኼን ከሷ ሰምቶ ፊት ለፊቷ ቁጢጥ ብሎ ይጠይቃት ጀመር።

«መቼ ነው የምትጥልሽ? ሜዳ ላይ?»

«ሜዳ ላይ በግ ናት።»

«ዳገት ላይስ?»

«ዳገት ላይ ትቅበዘበዛለች እንጂ አትጥልም። ቁልቁለት ላይ ነው ጉዱ። የፊት ፍሬኑን ስይዝ አፍንጫዋን ትደፋለች። ወዲያው መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቀውም፤ መሬት ላይ ነኝ።»

መሕቡብ ፊቱ በራ። «በደንብ አይተሻታል። ሰይጣን ቢሆን ሜዳና ቁልቁለት አይመርጥም ነበር። ይኼ የአካል ነገር ነው። እስከ ዓርብ ተይልኝ።»

መሕቡብ መካኒክ ሆኖ ያደገ ሰው አይደለም። አባቱ አቶ ከቢር ስመ ጥር ሸማኔ ነበሩ፤ እሱም ከልጅነቱ እስከ ሠላሳ ዓመቱ ሸማ ሲሠራ ነው የኖረው። የፋብሪካ ጨርቅ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ጋቢ የሚያሠራው ሰው እየሳሳ ሄደ። አንድ ክረምት የአንድ መምህር ሞተር ደጁ ላይ ተበላሽታ ቆመች። መምህሩ ከንፋስ መውጫ ከተማ መካኒክ እስኪያስመጣ ሦስት ቀን አለፈ። በሦስቱም ቀን መሕቡብ መወርወሪያውን እያስቀመጠ እየወጣ ያያታል፤ ይዞራታል፤ ጎንበስ ብሎ ሆዷን ያያል። መካኒኩ መጥቶ ሲፈታት ከአጠገቡ አልተነሣም። መካኒኩ በማግስቱ ወደ ንፋስ መውጫ ሲመለስ መሕቡብ አብሮት ሄደ፤ ሁለት ዓመትም እዚያው ተቀመጠ። ሙና ያኔ ገና ሙሽራ ነበረች። «ሸማኔ ነው ብለው ድረውኝ መካኒክ ሆኖ ተመለሰ» እያለች እስከ ዛሬ ታሥቃለች።

አሁን አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። እጁ ግሪስ ቢለምድም ዓይኑ የሸማኔ ዓይን ነው። የተዛባ ነገር ሲያይ ያመዋል። የተሰቀለ መስኮት እንኳ ጎበጥ ካለ ቆሞ ያየዋል። ድር ሲወጠር አንዲት ክር ብትላላ ጥፋቱ እዚያችው ክር ላይ አይቀርም፤ ጨርቁን ሙሉ ይዞት ይሄዳል። የሺ ከሄደች በኋላ ሞተሯን ቀጥ አድርጎ አቁሞ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጎን አያት። አንድ ቦታ ላይ ተዛብታለች። የት እንደሆነ ግን ዓይኑ ሊነግረው አልቻለም።

በማግስቱ ሲባጎ አመጣ። በኋላ ጎማው ግራና ቀኝ ወጥሮ እስከ ፊት ጎማው ዘረጋው። ጎማዎቹ አንድ መስመር ላይ ቢሆኑ ኖሮ ክሮቹ ከፊት ጎማው በሁለቱም ጎን እኩል መራቅ ነበረባቸው። በቀኝ በኩል ጣት ያስገባል፤ በግራ በኩል ክሩ ጎማውን ነክቷል። ሰንሰለቱን ያጠበቀ ሰው አንዱን ጎን ብቻ ስቦት የኋላ ጎማው ተንጋዶ ኖሯል። መሕቡብ ብሎኑን አላልቶ አስተካከለው፤ ክሮቹ እኩል ሲሆኑ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ተነሣ። ሞተሯን አስነሥቶ ከከተማው ጫፍ ካለችው ትንሽ ቁልቁለት ወረደ። ፍሬን ያዘ። መሪው በእጁ ውስጥ እንደ ተያዘ ዶሮ ተንፈራገጠ። ለጥቂት ነው ያልወደቀው።

«አገኘኸው?» አለችው ሙና ሲመለስ።

«አንድ አገኘሁ። ሌላ አለ።» ቅር ያለው አይመስልም ነበር፤ እንዲያውም እጁን ሳይታጠብ እየተቁነጠነጠ ነው የመለሰላት።

ከሰዓት በኋላ የሺ ክንዷን በፋሻ ጠቅልላ መጣች። መሕቡብ የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ ይዘው የሚወርዱትን፣ ሹካ የሚባሉትን ሁለት ቱቦዎች ፈታቸው። የቀኙን ሲገለብጠው ዘይቱ ወርዶ ጣሳውን እስከ ወገቡ ሞላው። የግራውን ሲገለብጠው ማንኪያ የማይሞላ ጥቁር ጭቃ ጠብ አለ።

«ይኼውልሽ» አላት። «በውስጣቸው ጥምዝ የብረት ሞላ አለ። ጎማው ድንጋይ ሲመታ ሞላው ይታመቃል። የታመቀ ነገር ደግሞ መልሶ ይወረውራል። ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ እየሾለከ የሞላውን ጥድፊያ ይገታዋል፤ ሲወርድም ሲወጣም ቀስ ያሰኘዋል። ይኼኛው ዘይት የለውም። አንዱ እግርሽ እየተራመደ ሌላው እየዘለለ እንዴት ትሄጃለሽ?»

«አነክሳለሁ።»

«እሷም ስታነክስ ነው የከረመችው።»

ዘይቱን የሚያግደውን የተቀደደ ጎሚኒ ቀየረ። ዘይቱ በሁለቱም እኩል መሆን ስላለበት መለኪያ ፈለገ። የሺ ከቦርሳዋ ትልቁን የከብት መርፌ አወጣች፤ በመርፌው እየሳበች ለግራውም ለቀኙም በመስመር በመስመር ቆጥራ ሞላችው። መሕቡብ መርፌውን ተቀብሎ አገላብጦ አየው። «እኔ እስከ ዛሬ በግምት ነበር የምሞላው» አለ፤ ትንሽ አፍሮ።

ያን ቀን ሳይመሽ ሞከሯት። አፍንጫዋን መድፋቷ ቀንሷል፤ መዝለሏም ቀርቷል። ፍሬኑን ጠበቅ አድርገው ሲይዙት ግን መሪው አሁንም ይንቀጠቀጣል። የሺ ወርዳ ሞተሯን ዞራ አየቻት። ከሰኞ በፊት የቀሩት ቀናት አራት ናቸው።

ሦስተኛው ቀን ነው ነገሩ የተገለጠው። ብረት በያጁ መሐሪ ያችኑ ዓይነት ሞተር አለው። መሕቡብ የየሺን ሞተር እየገፋ ሄዶ ከመሐሪ ሞተር ጎን ለጎን አቆማት። የኋላ ጎማዎቹን እኩል አሰለፈና ወደ ፊት መጥቶ አየ። የመሐሪ የፊት ጎማ ሁለት ጣት ያህል ቀድሟል።

መሕቡብ እንደገና ለካ። በክንዱ ለካ፣ በሜትር ለካ። ሁለት ጣት ያው ሁለት ጣት ነው። በደረቱ ተኝቶ የሻንሲውን አንገት፣ መሪው የሚያልፍበትን ወፍራም ቱቦ፣ ከሥሩ አየ። ከቀለሙ ሥር የፀጉር ያህል ስንጥቅ የመሰለ ሽብሽብ አለ። የመጀመሪያው ሰውዬ ከድንጋይ ያላተማት ዕለት የፊት ጎማው ወደ ኋላ ተገፍቶ አንገቷ ቀጥ ብሎ ኖሯል። ተኛ ማለት የነበረበት ሹካ ቆሟል።

«መሐሪ፣ ና ተኛ!» ብሎ ጠራው።

መሐሪ ጎኑ ተኛ። «አየሁት። ግን ሁለት ጣት ምን ያደርጋል?»

መሕቡብ ተነሥቶ መሬቱ ላይ በጣቱ ይሥል ጀመር። «መሪው የሚዞርበትን መስመር እስከ መሬት ብታወርደው እዚህ ያርፋል። ጎማው ግን መሬት የሚነካው እዚህ፣ ከኋላው ነው። ጎማው ተጎታች ነው ማለት ነው።»

መሐሪ የገበሬ ልጅ ነው። ሥዕሉን አተኩሮ አየና፣ «በሬ ግንድ ሲጎትት ግንዱ ወደ ጎን ቢወረወርም ተመልሶ ከበሬው ኋላ ይሰለፋል፤ እንደዚያ ነው?» አለ።

«አዎ፤ እንደዚያ ነው። ድንጋይ ጎማውን ቢያንጋድደው ራሱ ይመለሳል። መስመሩና ጎማው ሲቀራረቡ ግን የሚጎተት ነገር ጠፋ፤ ጎማው ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። የሺ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዝ የሞተሯ አፍንጫ ይደፋል፤ ያን ጊዜ አንገቷ ከነበረውም በላይ ቀጥ ይላል። ያቺ የቀረችው ትንሽ ርቀት ታልቃለች። ከዚያ የሚጥለው ሰይጣን አይደለም፤ ሁለቱ ጣት ነው።»

ይኼን ሲናገር ድምፁ ከፍ ብሎ ነበር፤ መንገደኛ ሁለት ሦስት ሰው ቆሞ ያዳምጥ ጀመር።

መሐሪ ብረቱን አግሎ ለማቅናት እሳት ሊያያይዝ ተነሣ። መሕቡብ ከለከለው፤ እሳት የነካው ቱቦ ነገ መንገድ ላይ ይታጠፋል። ማሽኑንም ታንከሩንም ጎማውንም አውርደው ባዶ አጥንቷን አስቀሩ። ሻንሲውን መሐሪ ግቢው ውስጥ በቀበረው የባቡር ሐዲድ የሚመስል ብረት ላይ በሰንሰለት አሰሩት፤ በአንገቱ ቀዳዳ ውስጥ ረጅም ወፍራም ብረት ሰደዱ፤ ከሥሩ የጭነት መኪና ክሪክ አስገቡ። መሐሪ ክሪኩን ያነሣል፣ መሕቡብ ይለካል። ብረት ሲገፉት እሺ ይላል፤ ሲለቁት ወደ ልማዱ ይመለሳል። ስለዚህ ካሰቡት አለፍ አድርገው መግፋት፣ መልቀቅ፣ መለካት፣ እንደገና መግፋት ነበረባቸው። ከልክ ካለፈ ደግሞ ይሰበራል። አንድ ጊዜ ሰንሰለቱ ቋ ብሎ ሲጮህ ሁለቱም ወደ ኋላ ዘለሉ። ሻንሲው ደኅና ነበር፤ የሰንሰለቱ ቀለበት ነው የዞረው። ዐሥር ሰዓት ላይ መሕቡብ ለመጨረሻ ጊዜ ከመሐሪ ሞተር ጋር አስተያይቶ ለካ። ተካከሉ። መሐሪ ከአንገቱ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ባለ ሦስት ማዕዘን ላሜራ በየደበት፤ እንዲያግዘው።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ የሺ ሞተሯ ላይ ወጣች። ቁልፉን ግን አላዞረችም።

«ጋሼ መሕቡብ፣ እርስዎ ከኋላዬ ካልተቀመጡ አልነዳም» አለች።

ሙና ከበሩ ላይ ሰማች። «መሕቡብ፣ ልጆች አሉህ» አለችው።

«ያቃናኋት እኔ ነኝ። የሺን ብቻዋን ልላካት?» አለና ተሳፈረ። «ቢስሚላህ» ሲል የሺም አማተበች፤ ወጡ።

መንገዱ ከከተማው ከወጣ በኋላ ጥቂት ሜዳ ይሄድና ድንገት ወደ ቆላው ይወርዳል። አንድ ጎን ገደል ነው፤ ሌላው ጎን ዓለት። መሀሉን ጎርፍ ቦይ አድርጎታል፤ የቀረው ጭንቅላት የሚያካክል ድንጋይ ነው። መሕቡብ በየሺ ትከሻ ላይ እጁን ጭኖ በጆሮው ሳይሆን በመቀመጫው አዳመጠ። ጎማው ድንጋይ ላይ ሲወጣ ይሰማዋል፤ ሹካው ሲታመቅ ይሰማዋል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ሲመለስ ይሰማዋል። የሞተሯ አካል ግን ከላይ ዝም ብሏል። እግሯ ይሮጣል፣ ወገቧ ቀጥ ብሏል። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶት አያውቅም።

የሺ ሁለት ጊዜ የወደቀችበት ጠመዝማዛ መጣ። ትከሻዋ ከእጁ በታች ድርቅ ሲል ተሰማው።

«ፍሬኑን ያዢው» አላት። «ጠበቅ አድርገሽ ያዢው።»

ያዘችው። የሞተሯ አፍንጫ ዝቅ አለ፤ ቀስ ብሎ፣ ሰው ለሽማግሌ ጎንበስ እንደሚል። ዝቅ እንዳለ ቆየ። መሪው ንቅንቅ አላለም። ሞተሯ ጠመዝማዛውን በመስመሯ ዞረች፤ የሺ ፍሬኑን ስትለቅ አፍንጫዋ ተነሣ። የሺ ትሥቅ ጀመር። አቁማ ዞራ ወጥታ እንደገና ወረደችው። በሦስተኛው ጊዜ መሕቡብ ራሱ «በይ ትንሽ ፍጠኚ» አላት።

መመለሻው ላይ ግን ነገሩ ተበላሸ። ከጠመዝማዛው በላይ ያለውን ቀጥ ያለ ዳገት ሲወጡ የፊት ጎማው ቀለለ፤ ግራ ቀኝ ይዋልል ጀመር። የሺ ጋዙን ቀነሰች። «ይኼን ነው ትቅበዘበዛለች ያልኩዎት።»

መሕቡብ አስቆማትና ወረደ። «እስቲ ብቻሽን ውጪ።» ብቻዋን ወጣች፤ ሞተሯ ቀጥ ብላ ሄደች። ተመልሳ ስትመጣ መሕቡብ መንገዱ መሀል ቆሞ ራሱን በመዳፉ ይመታ ነበር።

«የክትባት ሳጥኑን የት ነው የምታስሪው?»

«ከኋላ፤ እርስዎ ከተቀመጡበትም አልፎ። በረዶውም ክትባቱም እዚያው ነው።»

«እኔ ነኝ ሳጥኑ! ክብደቱ ከኋላ ጎማው ባሻገር ሲቀመጥ ጎማው መሀል ላይ እንዳለ ድጋፍ ይሆናል፤ ጅራቷ ሲወርድ ራሷ ይነሣል። መሬት ያልያዘ ጎማ ደግሞ አይመራም።»

የሺ ጥቂት አሰበች። «አባቴ በቅሎ ሲጭን ግራና ቀኝ ያካክልና ወደ ትከሻዋ ያስጠጋዋል። ወደ ሽንጧ የጫነ ሰው ካየ ይቆጣል።»

«እንግዲህ አባትሽ እንደሚጭኑት እንጭናታለን» አለ መሕቡብ።

ቅዳሜ መሐሪ ከቀጭን ብረት ሁለት ማንጠልጠያ ሠራ፤ ከኋላ ጎማው ግራና ቀኝ፣ ከመቀመጫው ዝቅ ብለው የሚንጠለጠሉ። የሺ ትልቁን ሳጥን ትታ በሁለት ትናንሽ ሳጥኖች አካፈለችው። የኋላውን ሞላም መሕቡብ ለጭነቱ አንድ ደረጃ አጠበቀው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በተሰበሰበበት እደርሳለሁ ብላ የሺ ማልዳ ወረደች። ለማንም ፈቃድ አልጠየቀችም።

ሰኞ ጠዋት አስተባባሪው አዲሱን ነጂ ይዞ መሕቡብ ጋራዥ ድረስ መጣ። ቀለመ ወርቅ ይባላል፤ እሱም የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ ጎበዝም ነጂ ነው፤ ለዚሁ ነው የተመረጠው። ሞተሯን ወስዶ ቁልቁለቱን ወርዶ ተመለሰ። ከሞተሯ ሲወርድ ፊቱ ግራ ተጋብቷል።

«ይች ናት የምትጥለው? ከነዳኋቸው ሁሉ የተረጋጋች እኮ ናት» አለ።

የሺ ይኼን ስትሰማ ሞተሯን ማዳኗ ራሱ ሊያሳጣት መሆኑ ገባት። ከቦርሳዋ መዝገቧን አወጣችና ለአስተባባሪው ሰጠችው። በእሑዱ ቀን ስር ሁለት መቶ ዐሥራ አራት በግና ፍየል፣ የባለቤቶቹ ስም፣ ጎኑ ላይ ፊርማና የጣት አሻራ።

«ይኼ የትላንት ነው?»

«የትላንት ነው።»

«በዚችው ሞተር? ብቻሽን?»

«ብቻዬን። ሳልወድቅ።»

አስተባባሪው ገጹን ገለጠ፤ መልሶ ገለጠ። ቀለመ ወርቅ ከአጠገቡ ሆኖ አነበበ፤ ከዚያ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ለየሺ ዘረጋላት። «እኔ ይኼን ያህል በአንድ ቀን ከትቤ አላውቅም» አለ። አስተባባሪውም አልተቃወመም። «እንግዲያው ቆላው የአንቺ ነው» ብሎ መዝገቡን መለሰላት። ቀለመ ወርቅ ሳይሄድ ግን መሕቡብን ወደ ጎን ጠርቶ፣ የራሱ ሞተር ሜዳ ላይ ወደ ቀኝ እንደምትስበው ነገረው።

ከዚያ ወዲህ የመሕቡብ ደጅ ሰው አያጣም። ከእስቴ መካነ ኢየሱስ ድረስ ሞተሩን አስጭኖ የመጣ አለ። በገበያ ቀን መሕቡብ የቆሙ ሞተሮችን ሲያይ ማለፍ አይችልም፤ ጎንበስ ብሎ አንገታቸውን ያያል። በቀደም አንድ ነጋዴ ሌባ መስሎት ሊይዘው ነበር። አሁን ደግሞ የጭነት ሞተሮች ሞላ ነገር ይዞታል፤ አንድ ኩንታል ለተጫነባትና ባዶዋን ለምትሄድ ሞተር አንድ ዓይነት ሞላ እንዴት ይበቃል ይላል። ትላንት ምሳ ቀርቦለት ይኼንኑ ለሙና ሲያስረዳ እንጀራው ደረቀ።

«ቆይ እንጂ፣ ዋናው ነገር ላይ ገና አልደረስኩም» አላት።

ሙናም ሣቀች፤ አገጯን በእጇ ደግፋ «እሺ፣ ቀጥል» አለችው።